የኮሌጅ ማመልከቻ ላይ ያለችው የዘር ጥያቄ፦ ሐበሻ ቤተሰብ እንዴት ይሙላት?

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ስልኬ አያርፍም። ኖቬምበር 1 የብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች የቅድሚያ ማመልከቻ መዝጊያ ስለሆነ ልጆቹ ሌሊት ይደውላሉ፣ እናቶች ደግሞ በጠዋት። የምናውቃቸውን ሰዎች ልጆች ማመልከቻ ሲሞሉ ማገዝ ከጀመርኩ ቆየሁ። በየዓመቱ ሳይቀር የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «እዚች የዘር ነገር ላይ ምን እንበል?»

አንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ረከቦቱ አጠገብ ተከፍቷል። ልጅቷ «ብላክ ኦር አፍሪካን አሜሪካን» የሚለውን ልትጫን ስትል እናቷ እጇን ያዝ አደረገቻት። «ቆይ እንጂ! አንቺ ቀይ አይደለሽ እንዴ? ምነው ጥቁር ብለሽ ትሞያለሽ?» ልጅቷ ቀና ብላ አየቻትና «ማሚ፣ እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ማንም ቀይ ነሽ ብሎኝ አያውቅም» አለቻት። እናትየው እጇን ለቀቀቻት። ጭንቀቱ ግን ከፊቷ አልለቀቀም።

ይሄን የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ለሚጨነቁ ነው። ጥያቄዋን መሙላት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ብዙ ቤተሰብ ግን ሁለት ሳምንት ይጨቃጨቅባትና ድርሰቱ ላይ ሲደርስ ጉልበት ያልቅበታል። ዋናው ሥራ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

መጀመሪያ የድሮውን ወሬ እንተው

«ጥቁር ብለህ ሙላ፣ ይጠቅምሃል» የሚል አጎት አለ። «ኧረ ባዶ ተወው፣ ይጎዳሃል» የሚል ሌላ አጎት ደግሞ አለ። ሁለቱም የሚያወሩት ከ2023 በፊት ስለነበረው ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ላይ በተመሰረቱት ክሶች ውሳኔ ሰጠ። ከ1978ቱ የባኪ ውሳኔ ጀምሮ ኮሌጆች የአመልካችን ዘር ከብዙ መመዘኛዎች እንደ አንዱ እንዲያዩ ተፈቅዶላቸው ነበር። ያ ቀረ። አንድ ተማሪ ጥቁር ወይም ነጭ ወይም እስያዊ ስለሆነ ብቻ በመግቢያ ውድድሩ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊደረግ አይችልም። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ይሄ ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ የግዛቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎች በ1996 በሕዝብ ድምፅ በጸደቀው ፕሮፖዚሽን 209 ተከልክለው ቆይተዋል። ሚሺጋንም ከ2006ቱ ድምፅ በኋላ እንደዚያው።

ውሳኔው በወጣ በወሩ፣ ኦገስት 1 ላይ፣ ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚመለከትበት ድረ ገጽ) አንድ ነገር ለወጠ። ተማሪው በዘር ጥያቄው ላይ የሞላውን መልስ ኮሌጁ ከፈለገ ማመልከቻውን ከሚያነቡት ሰዎች እንዲሰውረው አስቻለ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሦስት ሌሊት የተጨቃጨቃችሁባትን ምልክት አንባቢው ጭራሽ ላያያት ይችላል።

አሁንም ያላመነ ካለ ቁጥር አለ። ከውሳኔው በኋላ በገባው የመጀመሪያ የተማሪዎች ቡድን፣ በ2024 ማለት ነው፣ ኤምአይቲ ውስጥ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ከ13 ከመቶ አካባቢ ወደ 5 ከመቶ ወረደ። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 ወረደ። ዬል ግን 14 ከመቶው ላይ ቆየ። ሕጉ አንድ ነው፣ ውጤቱ እንደ ትምህርት ቤቱ ይለያያል። ይሄን እያየ «ቦክሷን ሙላ፣ በሩ ይከፈታል» የሚል ሰው ልጁን እያታለለ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠይቃሉ? ኮሌጆች በየዓመቱ ተማሪዎቻቸውን በዘር ከፋፍለው ለፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር ሪፖርት ማድረግ አለባቸው። ኦገስት 2025 ላይ ደግሞ የፕሬዚዳንት ትራምፕ አስተዳደር ስለ አመልካቾችና ስለተቀበሏቸው ተማሪዎች ተጨማሪ መረጃ እንዲሰጡ አዟል። ቁጥሩ ይፈለጋል። ስለዚህ ጥያቄዋ የትም አትሄድም።

«ኤትኒሲቲ» ብሔር አይደለም

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ነው። አገር ቤት ያደግን ሰዎች የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የምትል መስመር አይተናል። «ኤትኒሲቲ» የሚለውን ስናይ አእምሯችን በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ አባት «ምን ብለን እንጻፍ? እናቷ ኦሮሞ ናት፣ እኔ ጎንደሬ ነኝ» ብለው በጣም ተጨንቀው ጠይቀውኛል። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበረ፣ እና ገባኝ። እዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው ቃል ሰውን ዋጋ ያስከፈለበትን አገር እናውቃለን።

ተረጋጉ፣ ይሄ ያ አይደለም። የአሜሪካ ቅጽ «ኤትኒሲቲ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነህ ወይ? የሜክሲኮ፣ የኤልሳልቫዶር፣ የኩባ፣ የፖርቶሪኮ እና የመሳሰሉት ዝርያ አለህ ወይ ነው። ከሌለ «ኖ» ብላችሁ እለፉ። አንዳንዱ ቅጽ ይሄን ለብቻው ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ከዘሩ ጋር በአንድ ላይ ያቀርበዋል። አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ፣ ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ማንም አይጠይቃችሁም።

የትኛው ላይ ምልክት ላድርግ?

ኮመን አፕ ላይ ጥያቄዋ ያለችው ፕሮፋይል ውስጥ፣ ዴሞግራፊክስ የሚለው ክፍል ነው። ምርጫዎቹ አሜሪካን ኢንዲያን ወይም የአላስካ ተወላጅ፣ ኤዥያን፣ ብላክ ወይም አፍሪካን አሜሪካን፣ የሃዋይና የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጅ፣ እና ነጭ ናቸው። ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል። (አሜሪካን ኢንዲያን ማለት የዚህ አገር ነባር ሕዝብ ነው። የህንድ ዝርያ ያለበት ልጅ ኤዥያን ነው የሚሞላው።)

እናትና አባቱ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ የሆነ ልጅ ብላክ ወይም አፍሪካን አሜሪካን የሚለውን ይመርጣል። ቀጥሎ ዝርዝር ይመጣል፤ አፍሪካ፣ ካሪቢያን፣ አሜሪካ እያለ። እዚያ «አፍሪካ» ይላል። በቃ። ልጁ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢወለድም ያው ነው፤ የሚጠየቀው የዝርያ ምንጩ ነው፣ የተወለደበት ሆስፒታል አይደለም።

ይሄን የምለው ከኪሴ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት የዘር ምድቦችን የሚወስንበት መመሪያ በማርች 2024 ሲሻሻል «ብላክ» ለሚለው ምድብ በምሳሌነት ከዘረዘራቸው መካከል ኢትዮጵያዊ እና ሶማሌ የሚሉት አሉ። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽም ላይ ኢትዮጵያዊ የሚለው ቃል እዚያው መስመር ሥር ታትሞ ነበር። ቅጹ ራሱ ስማችንን ጠርቶናል።

አሁን ወደዚያች እናት ልመለስ። በአማርኛ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ስንል የምንናገረው ስለ ሰው መልክ ነው። ወንድምና እህት እንኳ አንዱ ቀይ ሌላዋ ጠይም ሊሆኑ ይችላሉ። ቅጹ ላይ ያለው «ብላክ» የመልክ ስም ሆኖ አልገባም። በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ የተሠራ ምድብ ነው፣ ከአፍሪካ የሆነን ሰው ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ። ልጅቷ ቀይ መሆኗ አይቀርም፣ ቅጹ ላይም ብላክ ነች። ሁለቱ አይጣሉም።

«እኛ ሴማውያን ነን» የሚሉም አሉ። አማርኛና ትግርኛ ሴማዊ ቋንቋዎች ናቸው፣ እውነት ነው። ግን የተጠየቀው ቋንቋ አይደለም። በ2024ቱ ማሻሻያ ለመካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ አዲስ ምድብ ወጥቶለታል፤ በምሳሌነት የተጠሩት ሊባኖሳዊ፣ ኢራናዊ፣ ግብፃዊ፣ ሶርያዊ፣ ኢራቃዊና እስራኤላዊ ናቸው። እኛ እዚያ የለንም። አባቷ የመናዊ የሆነ ልጅ ግን ያን ምድብ የያዘ ቅጽ ካገኘች ሁለቱንም ትምረጥ፣ እውነቷ ነው።

የልጆቹ ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከወላጆቹም ይከብዳል። «አያቶቼ ባሪያ አልነበሩም። ይሄን ብሞላ የጥቁር አሜሪካውያንን ቦታ መውሰድ አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ይሄን የሚጠይቅ ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል፣ አክብሮት አለበትና። መልሴ ይሄ ነው፦ «ብላክ ወይም አፍሪካን አሜሪካን» ነው የሚለው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ዝርዝርም አፍሪካ መሆናችሁን ለይታችሁ እንድትናገሩ ነው የተቀመጠው። የሌላ ሰው ታሪክ ሳትወስዱ የራሳችሁን ትሞላላችሁ። ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አፍሪካውያን በብዛት እዚህ አገር መግባት የቻሉት ከ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ነው፣ ያ ሕግ ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ዱላና እስር ችለው ባካሄዱት የመብት ትግል ዘመን የወጣ ነው። ልጆቻችን ይሄን ቢያውቁ፣ «እኛ ከነሱ እንለያለን» የሚለውን የቤት ወሬ ከመድገማቸው በፊት ቆም ይላሉ።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ ልበል። አንዱ ወላጅ ነጭ ከሆነ ሁለቱም ላይ ምልክት ያድርግ። አንዷ ወላጅ ከኤልሳልቫዶር ከሆነች ሂስፓኒክ ለሚለው «የስ»፣ ዘሩ ላይ ደግሞ ብላክና ሌላም የሚመለከተው ካለ። በማደጎ የመጡ ልጆች አሉ፤ ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ ላይ የውጭ ማደጎን አቁማለች፣ ከዚያ በፊት የመጡት ብዙዎቹ ዛሬ ለኮሌጅ የደረሱ ናቸው። እነሱ የሚሞሉት የራሳቸውን ነው፣ የአሳዳጊዎቻቸውን አይደለም።

ባዶ መተውስ? ይቻላል። ጥያቄዋ በፍላጎት የምትሞላ ናት፣ አለመመለስ አያስቀጣም። የእኔን ካላችሁ ግን ሙሉት። የሐበሻ ልጆች ቁጥር ውስጥ ከሌሉ ለተማሪው ማኅበርም ለድጋፍ ፕሮግራምም «እዚህ አሉ» የሚል ማስረጃ አይኖርም።

አንድ የታወቀ ምሳሌ

በኋላ የኒውዮርክ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠው ዞህራን ማምዳኒ በ2009 ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ኤዥያን የሚለውንም፣ ብላክ ወይም አፍሪካን አሜሪካን የሚለውንም መርጦ ነበር። ካምፓላ የተወለደ፣ ዝርያው ከህንድ የሆነ ሰው ነው። በ2025 በምርጫው ሰሞን ይሄ ጋዜጣ ላይ ወጣና ብዙ አነጋገረ። እሱም ራሱን እንደ ጥቁር እንደማይቆጥር፣ ግን ቦክሶቹ የእሱን ሙሉ ታሪክ መያዝ ስላልቻሉ ያንን እንዳደረገና መጻፊያው ላይ ኡጋንዳዊ ብሎ እንደሞላ ተናገረ። ኮሎምቢያም አልተቀበለውም።

ይሄን የማነሳው ለመፍረድ ብዬ አይደለም። ልጆች ሁለት ነገር እንዲያዩበት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ በ12ኛ ክፍል የተሞላ ቅጽ 16 ዓመት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ቦክስ አልበቃ ሲል ቃል መጻፊያ ቦታ ካለ ቃል መጻፍ ይሻላል፤ «ኢትዮጵያዊ» ወይም «ኤርትራዊ» ብሎ።

ውሸት ላይ ደግሞ አጭር ነኝ። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ተማሪው የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይፈርማል። ሐሰት ከተገኘ ኮሌጁ ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል። ቅድመ አያቴ ግሪክ ነበሩ የሚል የቤተሰብ ወሬ ይዞ ነጭ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ወይም አንድ የዲኤንኤ ምርመራ ጥቂት ከመቶ ስላሳየ አሜሪካን ኢንዲያን ብሎ መሙላት፣ ይቅር።

ድርሰቱ፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

ያው የ2023 ውሳኔ አንድ በር ክፍት ትቷል። ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በጻፉት ውስጥ፣ አንድ ተማሪ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያደረሰበትን ወይም የሰጠውን ነገር ከጻፈ ኮሌጁ ያንን ማየት ይችላል ይላል፤ አድልዎም ይሁን መነሳሳት። ግን የተጻፈው ነገር ከልጁ ባሕርይ ወይም ችሎታ ጋር መያያዝ አለበት። አድልዎ ደርሶባት የተቋቋመች ልጅ ካለች የሚታይላት ድፍረቷና ጽናቷ ነው። ቆዳዋ አይደለም።

ይሄን በአማርኛ ስተረጉመው፣ «ጥቁር ነኝ» ብሎ መጻፍ ምንም አያመጣም። «ይሄ ሆነብኝ፣ እኔም ይሄን አደረግሁ» ብሎ መጻፍ ያመጣል።

የሐበሻ ልጆች ድርሰት በብዛት እንዴት እንደሚጀምር ልንገራችሁ። በዐድዋ። ወይም በሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ። ወይም ቡና የተገኘው ከእኛ ነው በሚል። እኔም እኮራበታለሁ፣ ግን አንባቢው የሚፈልገው አፄ ምኒልክን መቀበል አይደለም፤ ልጁን ነው። ኮመን አፕ የሚሰጠው 650 ቃል ነው። 200ውን ለዐድዋ ከሰጣችሁ ለልጁ ምን ተረፈው?

አንዲት ልጅ ያመጣችልኝ የመጀመሪያ ረቂቅ እንደዚያ ነበር። ሳነብ አንዲት ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ተደብቃ አገኘሁ፤ «እናቴን ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ» ትላለች። «ስለዚህ ንገሪኝ እስቲ» አልኳት። ሐኪሙ «ታይሮይድ» ሲል በአማርኛ ምን እንደሚባል አላወቀችም። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ቃሉ ሲጠፋት የራሷን አንገት በእጇ ይዛ አሳየች። እናቷም «እንቅርት ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትንሽ ደብተር ይዛ የሕክምና ቃላት በሁለት ቋንቋ እየጻፈች ታጠና ጀመር፣ በኋላም ለጎረቤቶች ማስተርጎም ጀመረች። ዐድዋ ወጣ፣ አንገቷን የያዘችበት እጅ መጀመሪያ ላይ ገባ። ዘሯን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያነሳችው፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት እናቷን ሳታይ ለእሷ ብቻ ስታወራ የተሰማትን ስትጽፍ። አንባቢው ከዚያ በኋላ ማንነቷን ለማወቅ ቦክስ አያስፈልገውም።

እንዲህ አድርጉ። ልጁ ወረቀት ይዞ ይቀመጥና «ስለ ዘሬ ወይም ስለ አገሬ ያሰብኩባቸው ቀናት» ብሎ አምስት ቀን ይጻፍ። ሐሳብ አይጻፍ፣ ቀን ይጻፍ፤ የት ነበርኩ፣ ማን ምን አለ፣ እኔ ምን አደረግሁ። አንዱ ልጅ በ12 ዓመቱ መጥቶ በመጀመሪያው ሳምንት ካፊቴሪያ ውስጥ የትኛው ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ እንዳለበት ያላወቀበትን ቀን ጻፈ። አዲስ አበባ ጠይም ነበር፣ እዚህ በአንድ ሳምንት ጥቁር ሆነ፣ እና ጥቁር አሜሪካውያኑ ደግሞ በእንግሊዝኛው ሳቁበት። ቆይቶ ያንን ጠረጴዛ አዲስ ለሚመጡ ልጆች ሁሉ ክፍት ያደረገ እሱ ነው። ከአምስቱ ቀን ውስጥ ልጁ አንድ ነገር ያደረገበትን ምረጡ። እሱ ዝም ብሎ የተበደለበትን ብቻ አትምረጡ። በደሉ እውነት ነው፣ ግን በደል ብቻውን ስለ በዳዩ እንጂ ስለ ልጁ አይናገርም።

የተጎዳውን ነገር መጻፍ የማይፈልግ ልጅ ካለ አታስገድዱት። እባካችሁ። ቁስሉን ሸጦ ኮሌጅ መግባት የለበትም። ስለ ሮቦቲክስ ይጻፍ፣ ስለ ታናሽ እህቱ ይጻፍ። ሐበሻ መሆኑን መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ያልጻፈም ማንነቱን አልካደም።

ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የምታመለክቱ፣ እዚያ አንድ ረጅም ድርሰት የለም። ከስምንት ጥያቄዎች አራት ትመርጣላችሁ፣ እያንዳንዱ እስከ 350 ቃል። ያው ምክር ይሠራል፣ ማሳጠር ብቻ ነው።

ከአገር ቤት ለምታመለክቱ

በተማሪ ቪዛ ለመምጣት የምታመለክቱ ልጆች፣ ለእናንተ ጥያቄዋ ከሁሉም ትቀላለች። ኮሌጆች ለመንግሥት ሪፖርት ሲያደርጉ በተማሪ ቪዛ ያለን ተማሪ የሚቆጥሩት በዘሩ ሳይሆን «ነዋሪ ያልሆነ» በሚል በተለየ ረድፍ ነው። ብትሞሉም ባትሞሉም ያው ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣ፣ ጥገኝነት ያገኘ ልጅ ግን እዚያ ረድፍ አይገባም፤ በዘሩ ይቆጠራል። ዜግነት የሚጠይቀውን ክፍል በትክክል ሙሉት፣ ከዘሩ ይልቅ ለክፍያና ለእርዳታ የሚወስነው እሱ ነው።

ስለ እርዳታ ካነሳን፣ ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ክፍያ እርዳታ መጠየቂያ ቅጽ) ላይም ከ2023–24 ቅጽ ጀምሮ የዘር ጥያቄ ገብቷል። በእርዳታው ስሌት ውስጥ አይገባም። መመለስ አልፈልግም የሚል ምርጫም አለው። እዚያ ደርሳችሁ እንደ አዲስ አትጨቃጨቁ፣ ኮመን አፕ ላይ የሞላችሁትን ሙሉና እለፉ።

ያቺ እናት በመጨረሻ ምን እንዳደረገች ጠይቃችሁኝ ይሆናል። ልጅቷ ብላክን መረጠች፣ ከሥሩ አፍሪካን መረጠች። እናትየው መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን አነበበችና «አፍሪካ የሚለው እሺ» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችና «በይ አሁን ድርሰትሽን አንብቢልኝ፣ በአማርኛ እየነገርሽኝ» አለቻት።